በአማርኛ የተመሰገነ ቡና

ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች «ቅዳሜ ነው የሚለይልኝ» አለችኝ።

የምንኖረው እንጅባራ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ክፍሎች ተከራይተን ነው። እሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ቱሪዝም ተምራ ከተመረቀች በኋላ ከጓደኞቿ ጋር የአስጎብኚዎች ማኅበር አቋቁማለች፤ እስካሁን ግን ከተማሪዎች ሽርሽር በቀር ያስጎበኘችው ሰው የለም። አሁን ከባሕር ዳር አንዲት የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ልትመጣ ነው። አንድ ቀን ሙሉ መንገዱን ታያለች፤ ከወደደችው በየጊዜው እንግዶቿን ትልካለች፤ ካልወደደችው ነገሩ እዚያው ያበቃል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ደግሞ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አግኝቶላታል፤ ሰኞ መልስ ይፈልጋል።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኋት።

«የሰው ዘይትና ሳሙና ሳገላብጥ ልዋል? አልፈልግም።» ያጠበችውን አንሶላ ጨምቃ አራገፈችው። «ግን እናቴን ‹ትንሽ ታገሺኝ› ማለት ሰለቸኝ። ቅዳሜ ‹ይሆናል› ከተባልሁ እቀራለሁ። ካልተባልሁ ሰኞ እሺ እለዋለሁ። አንተም ትመጣለህ።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ባዶ መኪና ይዤ ስሄድ ማኅበሩ የሞተ ይመስላል። ደግሞ ማስረዳት ትወዳለህ። ግን ስጠይቅህ ብቻ፣ እሺ መምህር?»

እሺ አልሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የመጣሁት ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የአዊ ልጆችን ስለ አፈርና ስለ ዝናብ ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ቡና ያለበትን ሸለቆ ግን አንድም ቀን ወርጄ አላየሁትም ነበር። ይህ ያሳፍረኝ ጀምሮ ነበርና ግብዣው ደስ አለኝ። የዕለቱን ቅደም ተከተል ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ጠዋት እንግዳዋን ከዳንግላ እንቀበላለን፤ በእንጅባራ አድርገን ወደ አዘና እንሄዳለን፤ ከዚያ ወደ ቡናው ሸለቆ ወርደን ወደ ዳንግላ እንመለሳለን። ጊዜው ታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ስለነበር ቡና የሚቀመሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲሆን አደረግሁት። ገበሬው ራሱ ስኒውን ይዞ፣ የራሱን ቡና እየጠጣ ታሪኩን እንዲያወራም አሰብሁ። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላ ስንደርስ እንግዳዋ ቀድማን መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጥሩ የእግር ጉዞ ጫማ አድርጋ ወፍራም ጃኬት ለብሳለች። ብዙ አትናገርም። ያየችውን ሁሉ ግን ትጠይቃለች፤ ከተመለሰላት በኋላ «እሺ» ብላ ዝም ትላለች። ያ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ልንረዳው አልቻልንም።

የተከራየነው ሚኒባስ ሾፌር ወሬኛ ነበር። መንገዱ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ እየወጣ ሲሄድ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እኔ ቀዩ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ እንዴት እንደመጣ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ቲቸር፣ ደወል ስንት ሰዓት ነው የሚደወለው?»

እንግዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጎረቤቴም ሳቀች፤ ግን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

እንጅባራ ስንገባ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ሠራተኞች ወንበርና አልጋቸውን ደርድረው ነበር። ሾፌሩ «ቆሰበር ደርሰናል» ሲል እንግዳዋ ግራ ተጋባች፤ «ቆሰበር የሚባል ደግሞ ሌላ ከተማ አለ?»

«አንድ ናት» አለቻት ጎረቤቴ። «ቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው እንጅባራ ይላታል፤ ገበያ የሚሄደው ቆሰበር ይላታል። እናቴ ለጤና ጣቢያ ስትሄድ እንጅባራ፣ ለድንች ስትሄድ ቆሰበር ነው የምትለው።»

«እሺ» አለች እንግዳዋ። ቀርከሃው ውስጡ ባዶ ሆኖ እንዴት ሰው እንደሚሸከም ጠየቀች፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘችው፤ ተነሥታ ሄደች።

አዘና ትንሽ ከተማ ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ቆርቆሮ ብቻ ትመስላለች፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን የቤቶቹ ፊት በቀለም ያበደ ነው። አረንጓዴ ግድግዳ ከሰማያዊ በር ጋር፣ ቢጫ ግድግዳ ከቀይ መስኮት ጋር፣ ቀጥሎ ደግሞ ሐምራዊ። ለዚህ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ነበረኝ። የጭቃ ግድግዳን የክረምት ዝናብ ስለሚሸረሽረው ቀለሙ እንደ ልብስ ይጠብቀዋል፤ ደማቅ የሚሆነውም ክረምቱ ረጅምና ጨለማ ስለሆነ ነው። ጎረቤቴ ጠይቃኝ ስለነበር በደንብ አስረዳሁ።

ከፊታችን አንዲት ሴት ወንበር ላይ ቆማ ለገና ደጇን ሮዝ እየቀባች ነበር። እንግዳዋ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች።

«ሮዝ ለምን መረጥሽ?»

ሴትየዋ ብሩሿን ይዛ ዞረች። «አረንጓዴ ነበር። ጎረቤቴም አረንጓዴ ቀባች። ከዚያ በኋላ ለእኔ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ባጃጁ እሷ ቤት ያራግፈዋል! ያጎቴ ልጅ እንኳ እዚያ ገብቶ ምሳውን በልቶ ነው የወጣው።»

«ዝናቡስ? ግድግዳውን እንዳይሸረሽረው አይደለም?» አልሁ፤ ተስፋ ባለመቁረጥ።

«ዝናቡንማ ክዳኑ ይከልላል። ቀለሙ ለባጃጅ ነው» አለችኝ።

ከማዶ ያለችው ባለ አረንጓዴ ቤት ጎረቤቷ ሰምታ ኖሮ «ምሳውን መልሺልኝ!» ብላ ጮኸች። መንገዱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ማብራሪያዬን ቀየርሁ፤ አዘና ውስጥ ቀለም ማለት የቤት ቁጥር ነው። ይህኛው ከፊተኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ አሁን ለተማሪዎቼም የምነግራቸው እሱን ነው።

ከአዘና ወዲያ ጥርጊያው መንገድ ይወርዳል። እየወረድን በሄድን ቁጥር አየሩ ይለሰልሳል፤ ጃኬቶቻችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ገብስና ድንች ከላይ ቀሩ፤ የበርበሬ ማሳና የሙዝ ቅጠል መታየት ጀመረ። መኪናው ከቆመበት በእግር ወደ ጅረቱ ስንወርድ እንግዳዋ አንድ ቦታ ላይ አዳልጧት በእጇ መሬቱን ተደገፈች። ጎረቤቴ ደንግጣ ደገፈቻት። «መንገዱ ይስተካከላል» አለች ፈጥና። እንግዳዋ መዳፏን አራግፋ «እሺ» አለች። የጎረቤቴ ፊት ሲጨልም አየሁት።

ቡናው በብሳናና በዋንዛ ጥላ ሥር ነበር። እኔ ቡና በመደዳ እንደ በቆሎ የሚተከል ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን እንደ ሰው ስብሰባ ነው፤ አንዱ ጠጋ፣ ሌላው ራቅ፣ አንዱ ቁጢጥ ብሎ፣ ሌላው ቀና ብሎ። ቅርንጫፎቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ ፍሬ ተቀላቅሎ አለ። የአትክልቱ ባለቤት ሽማግሌ ከጥላው ወጥተው በአገውኛ ተቀበሉን፤ ጎረቤቴ በእናቷ በኩል ትዛመዳቸዋለች። አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገር ግን አይወዱም። ስለዚህ በዚያ ቦታ የምትተረጉመው እሷ ናት። የእኔ አገውኛ ከሰላምታ አያልፍም።

ፍሬው እንዴት ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል እንደሚሆን፣ ጀንፈሉ እንዴት እንደሚፈለፈል አሳዩን። እንግዳዋ ቀይ ፍሬ ቀጥፋ መጠጠች፤ ጣፋጭነቱ ገረማት። አረንጓዴውንም ቀጠፈች፤ እሱን ተፋችው። ከዚያ ሽማግሌው የተቆላና የተወቀጠ ቡና በትንሽ ጣሳ ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤታቸው ግቢ መሩን።

እዚያ አንዲት ባልቴት ጀበናቸውን ጥደው ይጠብቁ ነበር። ወሎዬ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። በድርቁ ዘመን በሰፈራ ወደ ቆላው መጥተው፣ ወባው ሲያስቸግራቸው ከባላቸው ጋር ወደዚህ ሸለቆ ወጥተው የቀሩ ናቸው። ሁላችንንም አገላብጠው ስመው ደኅንነታችንን ጠየቁን፤ የወሎ አማርኛቸው እንደ ዜማ ነው። ቡናውን አፈሉ፤ ቀዱ። ለእንግዳዋ፣ ለእኔ፣ ለጎረቤቴ፣ ለራሳቸው። ለሽማግሌው ግን አልቀዱም።

እንግዳዋ ወዲያው አስተዋለች። «ለእሳቸውስ?»

«ጾም ስለሆነ ነው» አልሁ እኔ፤ ሰዓቱ ከስድስት እንዳለፈ ዘንግቼ።

«አይደለም» አለች ጎረቤቴ ቀስ ብላ። «አባባ ቡና አይጠጡም።»

«ዛሬ?»

«ጠጥተው አያውቁም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በአያቶቻችን ዘመን በጎጃም ብዙ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር፤ የክርስቲያን መጠጥ አይደለም ይባል ነበር። ያ ልማድ ከቀረ ቆይቷል፤ ዛሬ ቄሱም ይጠጣል። ሽማግሌው ግን አባታቸው ከልክለዋቸው አደጉ፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ፍላጎቱ አልመጣም። ታዲያ ለምን ተከሉት? ይህን የመለሱልን ባልቴቷ ናቸው። እዚህ ሲመጡ የሚጠጡት ቡና አጡ፤ ችግኝ ፈልገው አገኙ፤ የሚተክሉበት ጥላ ያለው መሬት ግን የጎረቤታቸው ነበር። ችግኙ የእሳቸው፣ መሬቱ የሽማግሌው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከለቀማው የመጀመሪያው ቡና በአጥሩ ቀዳዳ አልፎ እዚህ ይመጣል፤ እሳቸው ይቀምሱታል፤ ጥሩ ነው ካሉ ወደ ገበያ ይወጣል።

«እኔ ምላሱ ነኝ» አሉ ባልቴቷ። «እሱ እጅ ብቻ ነው። ምላስ የለውም!»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ሰምተው በፈገግታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እኔ በጉጉት ልፈነዳ ደረስሁ። ዕድሜ ልኩን ቡና ተክሎ ያልቀመሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ጎረቤቴን ሳያት ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። እንግዳዋ ስኒዋን ይዛ «የማይጠጣ ገበሬ ነው የምታስጎበኙኝ?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን «እሺ»ም አልነበረም።

«መጀመሪያ እማማ ይቅመሱት» አለች ጎረቤቴ።

ባልቴቷ ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞረው በዚያ በሚያምር አማርኛቸው፣ «ግሩም ነው፣ እንኳን ለዚህ ቡና አበቃችሁ! ጠጡ የኔ ዓለም፣ ጠጡ!» አሉ።

እንግዳዋና እኔ ፉት አልን። ባልቴቷ ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞሩና በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አጭር ነበር፤ ድምፃቸውም አልጨመረም። ሽማግሌው ጣሳውን አስቀምጠው መለሱ። ባልቴቷ ደገሙ፤ አሁን በእጃቸው ጭምር። ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ጎረቤቴ ቀሰሩ። እኔ የያዝሁት የሁለቱን ፊት ብቻ ነው፤ ፊታቸው ግን «ግሩም ነው» የሚል አልነበረም።

እንግዳዋ ስኒዋን አስቀመጠች። «ምን ተባባሉ?»

ጎረቤቴ ወደ ባልቴቷ አየች። እኔ በውስጤ ‹ደስ ብሏቸው ነው በይ፣ ምን ችግር አለው› እላለሁ። ባልቴቷ ራሳቸው «ኧረ እንዲሁ የጎረቤት ወሬ ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው መንገድ ከፈቱላት። በዚያ መንገድ ብትወጣ ከእንግዳዋም ከእኔም የሚያውቅባት አልነበረም።

«እማማ ያሉት…» ብላ ጀመረች። «እማማ ያሉት፣ ‹ሣር ቆልተህ አመጣህልኝ፤ ፍየል እንኳ ትተፋዋለች› ነው።»

«ውይ!» አሉ ባልቴቷ፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«አባባ ደግሞ፣ ‹ቀዩን ከአረንጓዴው ሳልለይ አራግፌ የለቀምሁት ይቺ ልጅ ለእንግዶቼ ይድረስልኝ ብላ ስላጣደፈችኝ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ ነው› አሉ።» ወደ እንግዳዋ ዞረች። «እውነታቸውን ነው። ከወር በፊት መጥቼ ነግሬያቸዋለሁ። እንግዳ መጥቶ ቡና ሳይቀምስ አይሄድም ብለው ነው ያልበሰለውን የለቀሙት።»

እንግዳዋ ስኒዋን አንሥታ እንደገና ፉት አለች። እኔም ፉት አልሁ። እውነትም ሣር ሣር ይላል። በመጀመሪያው ፉት ጊዜ ግሩም ነው ስለተባለ ግሩም መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው ለእኔ ግሩም ነው ያሉኝ?» አለች እንግዳዋ ወደ ባልቴቷ ዞራ።

የባልቴቷ ፊት ተቀይሮ ነበር፤ ግን ቶሎ መለሱ። «ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል? ደጄ ድረስ መጥተሽ፣ ቡናው መጥፎ ነው ልበልሽ? ከእሱ ጋር ሌላ ነው። እኔ ከእሱ ጋር በአማርኛ ተጣልቼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«ያን ጊዜ በአማርኛ ብሰድበው የት ይገባው ነበር! እንዲገባው አድርጌ ልስደበው ብዬ አይደል ቋንቋውን የለመድሁት?»

ሽማግሌው ይህን ሰሙ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአማርኛ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። አሁን ግን እየተጎተተ በሚወጣ አማርኛ ለእንግዳዋ፣ «ይህች ሴት… በአማርኛ ካመሰገነችኝ፣ እኔ እፈራለሁ» አሉ።

እንግዳዋ ሳቀች፤ ጠዋት ሾፌሩ በእኔ ላይ ሲቀልድ ከሳቀችው በላይ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፈው ብሞክርም አይሆንም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነበር። ሁለቱ አዛውንቶች በአገውኛ ተያያዙ፤ ካቻምና ጀንፈሉን ስላረጠበው ዝናብ፣ ስለረገጠችው ዶሮ፣ ማን ዶሮዋን አላሰረም በሚለው። ጎረቤቴ ግራና ቀኝ እያየች ትተረጉማለች፤ አንዳንዴ ትርጉሙን ሳትጨርስ ራሷ ትስቃለች። እንግዳዋ መሬት ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ «አሁንስ? አሁንስ ምን አሉ?» ትላለች። የእኔ ቅደም ተከተል ላይ ለዚህ ቦታ የተመደበው ጊዜ አልቆ፣ ስንመለስ አዘና ልንበላ ያሰብነው ምሳም ሰዓቱ አልፎ ነበር። ላስታውሳቸው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት።

ስንመለስ መንገዱ ሽቅብ ሆነ፤ ጃኬቶቻችንን መልሰን ለበስን። ጎረቤቴ መስኮቱን ይዛ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ነገሩን ከላይ ሆኖ ስላልሰማ «ቡናው እንዴት ነበር?» አለ።

«መጥፎ» አለች እንግዳዋ።

ሾፌሩ በመስታወት ጎረቤቴን አያትና ማርሹን ቀየረ።

ዳንግላ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። በዋናው መንገድ ያሉት ባለ ቀለም ቤቶች ደምቀው ነበር። ጎረቤቴ ግን ስለ እነሱ አንድም ቃል አላወጣችም፤ ጠዋት የሸመደደችው ሁሉ ጠፍቶባት ይመስለኛል። የባሕር ዳሩ መኪና እስኪሞላ እንግዳዋ አጠገባችን ቆመች።

«ያ ቁልቁለት መሰላል ወይ ደረጃ ይፈልጋል» አለች። «ሽንት ቤት የለም። የአዘና ቤቶች ጥሩ ናቸው፤ ግን አንድ ሰዓት አይፈጁም። የአፈሩ ታሪክ ይቀንስ።» ይህን ስትል ወደ እኔ አየች።

«እሺ» አለች ጎረቤቴ። አሁን እሺ የምትለው እሷ ሆነች።

«ቡና በየቦታው ቀምሻለሁ። መጥፎውንም ሁሉ ግሩም ነው ተብዬ ነው የጠጣሁት። እውነቱን የሰማሁት ዛሬ ነው።» ቦርሳዋን በትከሻዋ አስተካከለች። «ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች እልካለሁ። አንቺ ትይዣቸዋለሽ። ለአዛውንቱ ንገሪያቸው፤ ቀዩን ብቻ ይልቀሙ፤ ማንም አያጣድፋቸው።»

ጎረቤቴ አንገቷን ነቀነቀች።

«ታዲያ እንግዶቼ ሲመጡ ሁለቱ ዛሬ እንደተጣሉት ይጣላሉ አይደል? እኔ ያን ነው የምፈልገው።»

ጎረቤቴ አሰበች። ‹አዎ› ብትል ሁሉም ነገር ባለቀ ነበር።

«በትዕዛዝ አይጣሉም» አለች።

«ካልተጣሉስ?»

«ካልተጣሉ ቡናው ጥሩ ሆነ ማለት ነው።»

እንግዳዋ አየቻት፤ ከዚያ እጇን ጨብጣ ወደ መኪናው ገባች። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ጎረቤቴ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ኔትወርክ ፍለጋ መንገዱን ተሻገረች፤ ሰማያዊ ግድግዳ ተደግፋ ደወለች። «ሰኞን አልጠብቅም፣ ወንድሜ» ስትል ሰማኋት። «እዚሁ ሥራ አግኝቻለሁ።»